ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው

መርማሪ ቪቤከ ሉንዲንግ ሬሳውን ከማየቷ በፊት ሻወር እንድትወስድ ታዘዘች።

ትእዛዙን የሰጣት ክሪሳንቶ የሚባል ቀጠን ያለ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ ነበር። የአሳማ እርሻው በር ላይ ቆሞ ፎጣ ዘረጋላት። ከራሱ በላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

«ሰው ሞቷል ተብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለች ቪቤከ።

«አውቃለሁ እመቤት። የሞተው ጓደኛዬ ነው።» ዓይኖቹ ደም መስለዋል። «ግን ከውጭ በሽታ ከገባ እርሻው ይዘጋል። ፀጉርዎንም ይታጠቡ እባክዎ። ስልክዎን እኔ በአልኮል እጠርግልዎታለሁ።»

እንግዲህ የኛ ነገር ይኸው ነው። እዚህ ዴንማርክ፣ ዩላንድ ውስጥ ከሰው ይልቅ አሳማ ይበዛል፤ ለሰው ከሚደረገው ጥንቃቄም ለአሳማ የሚደረገው ይበልጣል። የገና በዓል ሲመጣ ጥብሱን ከነቆዳው እየቆረጠምን «እንዴት ይጣፍጣል!» እንላለን እንጂ ማን አበላው፣ ማን ጠረገለት ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ቪቤከ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ጠባቡ የብረት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ልብሷን አወለቀች። ከሻወሩ ወዲህ የውጭ ልብስ ይቀራል፤ ከሻወሩ ወዲያ የእርሻው ካልሲ፣ የእርሻው ቱታና የእርሻው የጎማ ቦት ጫማ ይጠብቃል። ሳሙናው አረንጓዴ ሆኖ የሬንጅ ሽታ አለው። ሽታው ቆዳ ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ብትለቀለቅም አልለቃትም። በረጠበ ፀጉሯና ሰማያዊ ቱታ ለብሳ ስትወጣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷን ሙሉ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም እያለች በልቧ ትራገም ነበር።

ሟቹ በረቱ ጫፍ ላይ፣ የአዛባው ጉድጓድ አፍ አጠገብ ተጋድሟል። ሮዴል ይባላል፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። የጉድጓዱ የብረት ክዳን ተከፍቶ ግማት ከውስጥ ይወጣል። አሳማዎቹ በግራና በቀኝ ይጮኻሉ። ከሬሳው በላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የእርሻው ባለቤት ፕሬበን ቶፍትጎር ነው፤ ወፍራም፣ ፊቱ የቀላ፣ ሽቶ የተቀባ። ሁለተኛው ፎርማኑ ኬልድ ሲሆን ረጅም ፀጉሩን ኋላ አስሮ፣ እጁ ላይ የወርቅ ሰዓት አጥልቋል።

«ተንሸራተተ» አለ ፕሬበን ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ። «ተረኛ ነበር። ክዳኑን ከፈተ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ወደቀና ጭንቅላቱን ብረቱ መታው። በቃ። መቼ ነው የምታነሱት? ከሰዓት በኋላ ወደ ቄራ የሚሄዱ አሳማዎች አሉኝ፤ በዚህ ነው የሚያልፉት።»

«ሲነሳ ይነሳል» አለች ቪቤከ።

የፖሊስ ሐኪሙ ዶክተር አስገር ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። እርጥብ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ ለእሱ የጠበበ ቱታ ለብሶ ያጉረመርማል። «የሞተው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ነው የተሰበረው። ስለታም የብረት ጠርዝ።»

ቪቤከ ዝቅ ብላ አየች። ቁስሉ ጥልቅ ነው፤ ደም ግን የለበትም። የቱታው ኮሌታ ንጹሕ ነው። ከሟቹ ቀኝ ጆሮ ኋላ ነጭ ነገር ደርቆ ተጣብቋል። አፍንጫዋን ወደ ቁስሉ አስጠግታ አሸተተችና ቀስ ብላ ቀና አለች። ከዚያ የራሷን ክንድ አሸተተች።

«ምን ሆነሻል?» አላት ዶክተሩ።

«ከቁስሉ ውስጥ ናሙና ውሰድ። ከጆሮው ኋላም፣ ከጥፍሮቹ ሥርም።»

ከዚያ የሁለቱን ሰዎች ፀጉር ትክ ብላ አየች። ሁለቱም ደረቅ ናቸው።

ምርመራውን ያደረገችው የእርሻው ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ፕሬበን ቶፍትጎር ጥቁር ዳቦ ላይ የአሳማ ጉበት ቀብቶ እያላመጠ ገባ። ለእሷም አንድ ቁራጭ አመጣላት። ሰሐኑን ወደ ጎን ገፋችው።

«ሮዴል ምን ዓይነት ሠራተኛ ነበር?»

«ምላሱ ረጅም። ሁልጊዜ ‹ሕጉ እንዲህ ይላል፣ ሕጉ እንዲያ ይላል›። እኔ እኮ ነኝ ስፖንሰር ሆኜ ያመጣሁት! እነዚህን ሰዎች እኔ ነኝ ሰው ያደረግኳቸው።»

«ድንቄም!» አለች ቪቤከ። «ሌሎቹስ?»

«ማሪቪክ እዚህ ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዝምተኛ ናት። ክሪሳንቶ ስምንት ዓመት ሠራ፤ አንድ ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ጠይቆ ውሳኔ እየጠበቀ ነው።» ፕሬበን ጣቱን ላሰ። «ውሳኔው የሚሰጥ ዕለት ሥራው ላይ መገኘት አለበት። እኔ ዛሬ ባባርረው ስምንቱ ዓመት ውሃ በላው። ስለዚህ ሰውዬው መልአክ ነው፤ እሁድም ና ስለው ይመጣል። ፈቃዱን ካገኘ ግን ሄዶ ከተማ ሥራ ይይዛል። እኔማ ውሳኔው ቢዘገይልኝ ደስ ይለኛል።» ሳቀ።

ቪቤከ ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀችው። የጉበቱ ቅባት ከንፈሩ ጥግ ላይ ቀርቷል፤ እንዲጠርገው አልነገረችውም።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«የሚስቴ ስድሳኛ ዓመት ልደት ነበር። ሠላሳ እንግዳ ቤቴ ነበረ፤ ኬልድም ከኛ ጋር ነው ያመሸው። ጠይቂ።»

«ማሪቪክና ክሪሳንቶስ?»

«እኔ ምን አውቄ! ክፍላቸው ይሆናሉ» አለና ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ።

ቀጥሎ ኬልድ ገባ። ወንበሩን አዙሮ ተቀመጠና ክንዶቹን መደገፊያው ላይ አሳረፈ።

«ዛሬ ጠዋት ሻወር ወስደሃል?» አለችው።

«እንዴ! ደንቡ ነው እኮ።»

«ፀጉርህ ግን ደረቅ ነበር። ሰዓትህም እጅህ ላይ ነው። እኔን ቀለበቴን ሳይቀር አስወልቀውኛል።»

ኬልድ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። «ቶሎ ይደርቅልኛል።»

«ተው እንጂ!»

«እሺ፣ እሺ። ኋላ በኩል አሳማ የሚጫንበት በር አለ። ቁልፉ እኔና ፕሬበን ጋ ነው። በኅዳር ብርድ በቀን አራት ጊዜ ማን ይታጠባል? ደንቡን የሚያከብሩት እነሱ ናቸው።» አውራ ጣቱን ወደ ጓሮው ቀሰረ። «በተለይ ክሪሳንቶ። አንዴ የእንስሳት ሐኪሙ እጁን ብቻ ታጥቦ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ተጋድሞ ከለከለው። ስንስቅበት ዋልን።»

«ለምን ይመስልሃል እንዲህ የሚያደርገው?»

«ፈርቶ ነዋ! አሳማዎቹ ታመው እርሻው ከተዘጋ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ወረቀት የለም። እኔን ምን ቸገረኝ? ሌላ እርሻ እሄዳለሁ። እሱ ግን ወደ አገሩ ነው።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ይመስል ነበር።

ማሪቪክ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ስትገባ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ደብቃ ነበር።

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ እመቤት። ተኝቼ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ማሪቪክ አመነታች። ግራ አንጓዋ ላይ ረጅም፣ ገና ያልጠገገ ቃጠሎ አለ።

«የምድጃ በር ነው ያቃጠለሽ» አለች ቪቤከ። «ክፍላችሁን አይቻለሁ። ምድጃ የለም፤ ያላችሁ አንድ የውሃ ማፍያ ነው።»

ክፍላቸው የተባለው ከአዛባው ገንዳ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ኮንቴይነር ነበር። ግድግዳው ከውስጥ ሻግቷል። ትራሶቹ ሳይቀሩ አዛባ አዛባ ይሸታሉ። ቪቤከ እዚያ ገብታ ስትወጣ ምራቋን ሦስት ጊዜ ተፍታለች። እፍ! አሳማዎቹ እንኳ የሞቀ ወለል አላቸው።

ማሪቪክ ማልቀስ ጀመረች። «እባክዎ አይጻፉት። የኔ ፈቃድ ለአሳማ ሥራ ብቻ ነው። የሰው ቤት መሥራት አይፈቀድልኝም። ጌታዬ ግን ለእንግዳ ሲፈልጉኝ ይጠሩኛል። ትናንት ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እስኪነጋጋ ድረስ ወጥ ቤታቸው ነበርኩ። ጥብስ አወጣለሁ፣ ሰሐን አጥባለሁ። ይህ ከታወቀ ስድስት ዓመቴ…»

«እንግዶቹ አይተውሻል?»

«ያያሉ እንጂ። ስሜን የጠየቀኝ ግን የለም።»

ቪቤከ መሐረብ ሰጠቻት። «ሮዴልን የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ሮዴልን? ኧረ ማንም! ጋሼ ክሪሳንቶን እንደ ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያየው። ሥራውን ያስተማረው እሱ ነው። እሁድ እሁድ ዶሮ በኮምጣጤ አብረው ይሠራሉ፤ ሮዴል ሁልጊዜ ኮምጣጤ ያበዛና ጋሼ ይሰድበዋል።» በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ። «ባለፈው ሳምንት ሮዴል ለሠራተኛ ማኅበሩ ደውሎ ነበር። ስለ ክፍሉ፣ ስለ እሁዱ፣ ስለ ሁሉም ነገር ነገራቸው።»

«ክሪሳንቶ ያውቃል?»

«ግድግዳው ቆርቆሮ ነው እመቤት። ማሳል እንኳ ይሰማል።» ከዚያ ጎንበስ ብላ በዝግታ ጠየቀች፤ «እርሻው ይዘጋል እንዴ?»

መጨረሻ ላይ የመጣው ክሪሳንቶ ነበር። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ከሳሙናው ብዛት ቆዳቸው ተሰነጣጥቆ የዓሣ ቅርፊት መስሏል።

«ቤተሰብ አለህ?» አለችው።

«ሚስትና ሴት ልጅ፣ ፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ከተማ ናቸው። ልጄ ሊጋያ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስመጣ ጥርስ አልነበራትም። አሁን በስልክ ‹አባዬ፣ መቼ ነው የምትወስደን?› ትለኛለች። ኮንቴይነር ውስጥ ቤተሰብ አምጡ አይባልም። ፈቃዱ ሲመጣ ቤት እከራያለሁ፣ አመጣቸዋለሁ። ደርሷል እኮ እመቤት። ጠበቃው ‹በዚህ ወር› ብሎኛል።» ይህን ሲናገር ፊቱ በራ፤ የሞተ ጓደኛ እንዳለው ለአፍታ የረሳ ይመስል ነበር።

«ሮዴልን መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

«ልብስ መቀየሪያው ጋ። እኔ ሥራ ጨርሼ ስወጣ እሱ ለማታ ተራው ሊገባ ነበር። ደህና እደር ብዬው ወደ ክፍሌ ሄድኩ።»

«ከዚያስ?»

«ተኛሁ።» እጆቹን ከጠረጴዛው አነሳ። «እርሻው ይዘጋል እንዴ እመቤት?»

ሁለቱም ይህንኑ ነው የጠየቁት። ባለቤቱ መቼ ታነሱታላችሁ አለ፤ ፎርማኑ ምን ቸገረኝ አለ፤ ሠራተኞቹ እርሻው ይዘጋል ወይ አሉ። ሮዴልን ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። ቪቤከ በዚህ ነገር ውስጧ ተቆጣ፤ በማን ላይ መቆጣት እንዳለባት ግን ገና አልለየላትም ነበር።

ከእርሻው እንደወጣች ከመኪናዋ ሆና የማኅበሩ ጸሐፊ ቦዲል ጋ ደወለች። ቦዲል ብዙ አወራች። ቪቤከ እየሰማች አንድ ጊዜ ብቻ «እርግጠኛ ነሽ? በራሱ አፍ ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ምሳ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፕሬበን የጉበት ሰሐኑን ይዞ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ኬልድ ግድግዳ ተደገፈ። ማሪቪክና ክሪሳንቶ በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ተቀመጡ ያላቸው ስለሌለ። ዶክተር አስገርና አንድ ፖሊስም ነበሩ።

«ተቀመጡ» አለቻቸው ቪቤከ ለሁለቱ ሠራተኞች። እስኪቀመጡም ጠበቀች።

«አጭር አድርጊው» አለ ፕሬበን። «ሥራ አለኝ።»

«ሮዴል ተንሸራቶ አልሞተም። ዶክተር፣ ቁስሉ ውስጥ ምን አገኘህ?»

«ሳሙና» አለ ዶክተር አስገር። «የናንተው አረንጓዴ ሳሙና፤ ሲደርቅ ነጭ ይሆናል። ስብራቱ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ከጆሮው ኋላ፣ ከጥፍሮቹ ሥር፣ በእግሮቹ ጣቶች መሐልም አለ፤ በደንብ አልተለቀለቀም።»

«ታጥቦ ነዋ የሚገባው!» አለ ፕሬበን። «ሁሉም ይታጠባል!»

«ታጥቦ ገብቶ እዚያ ቢወድቅ ኖሮ ሳሙናው ስብራቱ ውስጥ አይገባም ነበር። ቁስሉ ይደማል፤ ኮሌታው በደም ይርሳል። ሮዴል መጀመሪያ ተመታ፣ ሞተ፤ ከዚያ ነው የታጠበው። የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን አያጥብም።»

ከግድግዳው ወዲያ አሳማዎቹ ይጮኻሉ።

«ደሙን ለመደበቅ ይሆናላ» አለ ኬልድ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ደም የሚደብቅ ሰው ግን ጭንቅላቱን ያጥባል እንጂ የእግር ጣቶቹን መሐል ምን አደረገው? ጥፍሩንስ? ይህ ሰው ሮዴልን ልክ በደንቡ መሠረት ነው ያጠበው፤ ሁላችንም በዚያ በር ስንገባ እንደምንታጠበው። አጠበው፣ የእርሻውን ካልሲና ቱታ አለበሰው፣ ቦት ጫማ አጠለቀለት፣ የሞተ አሳማ በሚወጣበት ጋሪ ወስዶ ጉድጓዱ ጋ አስተኛው። እና ራሴን ጠየቅኩ፤ ሬሳ ወደ አሳማ በረት ከማስገባቱ በፊት የሚያጥብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ቪቤከ ወደ ጠረጴዛው ራስ ዞረች።

«ፕሬበን፣ አንተ አይደለህም። የዚህ እርሻ ባለቤት ነህ፤ ትናንት ግን ሬሳው አጠገብ ያገኘሁህ ሽቶህ ሳይለቅህ፣ ፀጉርህ ሳይረጥብ ነው። አንተና ኬልድ የመጫኛው በር ቁልፍ አላችሁ። እናንተ ብትሆኑ በኋላ በር አስገብታችሁ ትጥሉት ነበር፤ ለሬሳ ቀርቶ ለራሳችሁም ውሃ አታባክኑም። ሠላሳ እንግዳም መስክሮላችኋል። እነዚያው እንግዶች አንዲት ስሟን ያልጠየቋት ሴት ምሽቱን ሙሉ ጥብስ ስታቀርብላቸው ማምሸቷን ነግረውኛል። ስለዚህ ማሪቪክም አይደለችም።»

ፕሬበን ብድግ አለ። «እሱ ደግሞ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ለእርዳታ ነው የመጣችው!»

«ቁጭ በል። ለእሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቢሮ ትጠየቅበታለህ።»

ማሪቪክ ዓይኖቿን ጨፈነች። ምስጢሯ መውጣቱ ምን እንደሚያስከፍላት ታውቃለች። ከዚያ ከአጠገቧ የሚመጣ የትንፋሽ ድምፅ ሰምታ ዞር አለች፤ ክሪሳንቶ አጎንብሶ እጆቹን እንደሚታጠብ ሰው ያፋትጋል።

«የልብስ መቀየሪያው አግዳሚ የብረት ጠርዙ ተፍቆ ታጥቧል» አለች ቪቤከ። ድምፅዋ ዝግ ብሏል። «ብሎኖቹ ሥር ግን የሮዴል ደም ተገኝቷል። የእርሻው ጤና ነፍሱ የሆነበት ሰው አንድ ነው። አሳማዎቹ ከታመሙ እርሻው ይዘጋል፣ ሥራው ይቆማል፣ ወረቀቱ ይቀራል። ይህን ሰው እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ጓደኛው ሞቶ እያለ ስልኬን በአልኮል ሲጠርግ።»

«ጋሼ?» አለች ማሪቪክ። «ጋሼ፣ አይደለም በላቸው።»

ክሪሳንቶ ፊቱን በተሰነጣጠቁ እጆቹ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ከእጆቹ ውስጥ ይመጣ ነበር።

«ልገድለው ብዬ አልነበረም። ልብሱን እያወለቀ አገኘሁት። ‹ለማኅበሩ ነገርክ?› አልኩት። ‹አዎ› አለኝ። እነሱ ከመጡ እርሻው የውጭ ሰው እንዳይቀጥር ይታገዳል፤ ሁላችንም እንባረራለን። ‹አንድ ወር መቆየት አቃተህ?› ብዬ ጮህኩበት። እሱ ደግሞ ‹ስማኝ ጋሼ፣ ስማኝ ጋሼ› ይለኛል። መስማት አልቻልኩም። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። አግዳሚው ላይ ወደቀ።»

«ለምን አምቡላንስ አልጠራህም?»

«ትንፋሽ የለውም! ጠብቄ፣ ጠብቄ አየሁት፣ የለውም። እዚያ ከተገኘ ‹አብሮት ማን ነበር?› ይባላል። ውስጥ ከተገኘ ግን ተረኛው እሱ ብቻ ነው። የሥራ አደጋ ይባላል ብዬ…»

«ለምን አጠብከው?»

ክሪሳንቶ እጆቹን ከፊቱ አነሳ። ጥያቄው በእውነት ግራ ያጋባው ይመስላል።

«ሳይታጠብ እንዴት ይገባል?»

ዶክተር አስገር ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና መስኮቱን ከፈተ። የገባው ግን የአዛባው ሽታ ነበር፤ መልሶ ዘጋው።

ቪቤከ ቀጥሎ ያለውን ላለመናገር ትችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አስባበታለች። ነገር ግን ፍርድ ቤት ቦዲል ቀርባ መናገሯ አይቀርም፤ ከባዕድ አፍ ከሚሰማው አሁን ይስማው አለች። ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ክሪሳንቶ፣ ‹ስማኝ› ሲልህ ምን ሊነግርህ እንደነበር ታውቃለህ?»

አላውቅም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ማኅበሩ በዚያው ሳምንት ሊመጣ ነበር። ሮዴል ራሱ ደውሎ አስቆማቸው። ‹ጋሼ ክሪሳንቶ ወረቀቱን እስኪያገኝ ድረስ አንድ ነገር እንዳትነኩ፤ እኔ እችለዋለሁ፣ እጠብቃለሁ› ብሏቸዋል። ጸሐፊዋ ቃል በቃል ነው የነገረችኝ።»

ክሪሳንቶ የሰማውን ወዲያው የተረዳው አልመሰለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ «እጠብቃለሁ… እጠብቃለሁ» ይላል። ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከና በማንም ሰው ፊት መሰማት የሌለበት ጩኸት ጮኸ። ማሪቪክ ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ መለሰችው፤ እንደገና ዘረጋችና ትከሻውን ያዘችው። ለሮዴል ይሁን ለእሱ ወይም ለራሷ እንደምታለቅስ አይለይም ነበር።

ፖሊሱ ቀስ ብሎ አስነሳውና ይዞት ወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ ክሪሳንቶ ዞሮ «ለሊጋያ ማን ይነግራታል?» ብሎ ጠየቀ።

ፕሬበን ቶፍትጎር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ የተገላገለ ሰው ትንፋሽ ነበር። «ወይ ጉድ! አምኜው እኮ ነበር። ለነገሩ ሰኞ ሁለት አዳዲስ ልጆች ከማኒላ ይገባሉ።»

«ሰኞ ማንም አይገባልህም» አለች ቪቤከ። «ቅጥርህ እስኪጣራ ታግዷል። ደግሞ ልንገርህ፤ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ነፍሰ ገዳይ አይቼ እንዲህ ሆዴ አልተገለበጠም። የገለበጠው ደግሞ ገዳዩ አይደለም።»

«እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ማንንም አልገፋሁም!» ፕሬበን ሰዓቱን አየና ወደ ማሪቪክ ዞረ። «በይ ተነሺ፣ ረፍዷል። አሳማዎቹን ማን ያበላቸዋል?»

ማሪቪክ ተነሳች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው «ጌታዬ» ብላ፣ «እርስዎ» ብላ፣ መሬት መሬት እያየች ነው የኖረችው። አሁን ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ቱታዋን አወለቀችና እፊቱ ካለው የጉበት ሰሐን አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«አንተ አብላቸው» አለችው። «ግን መጀመሪያ ታጠብ።»